አምስተኛው ዓመት የሚያልፈው የት ነው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ታናሽ እህትህ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፋለች። ከፋርማሲ ሌላ አታነሳም። ባሕር ዳርን አንደኛ ትሙላ፣ ጎንደርን ወይስ አዲስ አበባን? ጎረቤት ደግሞ "ምን አስኬዳት፣ እዚሁ የግል ኮሌጅ አስገባት" ይልሃል። ከሥር የተሰጡትን መልሶችም አየኋቸው። አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የቀሩት ስለ ዶርምና ስለ ካፌ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው ያደግኩት። ሌላ ከተማ ተምሬ ተመለስኩና ይኸው ሰባት ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሁ ነው። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ሆን ብዬ እተወዋለሁ፣ ምርጫህን እንዳላዘነብለው።

እኔ ቅጽ ስሞላ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ከቤት መራቅ። እናቴ "እዚሁ ሙዪ" ስትለኝ አልሰማኋትም። የመረጥኩት ትምህርት ቤት ለየትኛው ሆስፒታል ቅርብ እንደሆነ፣ እዚያ ማን እንደሚያስተምረኝ አንድም ሰው አልጠየቅኩም። እግዚአብሔር ረድቶኝ መልካም ቦታ ደረሰኝ። እህትህ ግን ለዕድል ባትተወው ደስ ይለኛል።

ፋርማሲ አምስት ዓመት ነው፣ ፍሬሽማኑን ጨምሮ። መካከል ላይ ያሉት ዓመታት የክፍልና የላብራቶሪ ናቸው። ፋርማኮሎጂ፣ ፋርማሱቲክስ፣ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ፣ ፋርማኮግኖሲ። እነዚህን የትም ብትማር መጽሐፉ ያው ነው፣ ጎበዝ ተማሪ በራሱም ይሸፍነዋል። የመጨረሻው ዓመት ግን በአብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ክለርክሺፕ እንለዋለን። ጠዋት ጋዋን ለብሰህ ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ትወጣለህ፣ ታማሚዎቹን አልጋ በአልጋ እየዞርክ ታያለህ። ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ማህፀንና ጽንስ እያልክ በየተራ ትዞራለህ። እኔን ፋርማሲስት ያደረገኝ ያ ዓመት ነው።

አንድ ቀን ላንሳልህ። ውስጥ ደዌ ዋርድ ነበርን። አንድ አባት ለልብ ድካም ተኝተዋል። እግራቸው አብጧል። ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀምስ ብለዋል። ያቅለሸልሻቸዋል። ልጃቸው የመጣውን በሶ ይዛ አልጋው ሥር ቁጭ ብላለች። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ታዞላቸው ነበር። እኛን ይዞ የሚዞረው ፋርማሲስት ካርዱን ሰጠኝና "መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አንብቢልን" አለኝ። አነበብኩ። ዲጎክሲን አለ፣ የልብ መድኃኒት። ፉሮሴማይድ አለ፣ እብጠት በሽንት የሚያወጣ። ቆም አልኩ። ፉሮሴማይድ ፖታሲየምን ከሰውነት ያወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ዲጎክሲን ይመርዛል። ወደ አባት ጎንበስ ብዬ "አባባ፣ ዓይንዎ ላይ የተለየ ነገር አለ?" ስላቸው "ብጫ ብጫ ይታየኛል ልጄ፣ ግድግዳው ሁሉ ብጫ ሆነብኝ" አሉኝ። ማቅለሽለሹም ብጫ ማየቱም የዲጎክሲን መመረዝ ምልክት ነው። ሐኪሙ ወዲያው ዲጎክሲኑን አቆመ፣ ደም ተወስዶ ፖታሲየም ታየ። በሦስተኛው ቀን ስንገባ ያ በሶ ተበጥብጦ እየጠጡ ነበር።

ያንን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ግን ካርዱን እጄ ላይ አስቀምጦ "አንብቢ" የሚለኝ ሰው ባይኖር፣ አልጋው አጠገብ ቆሜ ባላየው፣ ዛሬም ድረስ ዲጎክሲን ለእኔ ተራ የፈተና ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው። እህትህ አምስተኛ ዓመት ስትደርስ የት ዋርድ ትቆማለች? አጠገቧስ ማን ይቆማል? ሆስፒታሉ ስንት አልጋ እንዳለው ሳይሆን፣ ተማሪን ይዞ ራውንድ የሚወጣ ፋርማሲስት አለ ወይ የሚለውን አጣሩ። አሁን እኔም የተለያዩ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ለልምምድ ሲመጡ ከጎኔ አቆማቸዋለሁ። በሁለት ቀን ይለያሉ። አንዳንዱ ካርድ ሲሰጠው ዓይኑ ወዲያው መድኃኒቱና የኩላሊት ምርመራው ላይ ያርፋል። አንዳንዱ በቲዎሪ ከእኔ በልጦ ካርድ ግን እንዴት እንደሚነበብ አያውቅም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያሳየው ሰው ስላላገኘ ነው።

ይህንን እንዴት ታጣራለህ? አምስተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ፈልግ። ባሕር ዳር ውስጥ የማንም ጎረቤት ልጅ አንዱ ጋር ተመድቦ ይገኛል። ደውልለትና "ትምህርቱ እንዴት ነው?" አትበለው፣ "አሪፍ ነው" ብሎ ይዘጋሃል። "ባለፈው ሳምንት የት ዋርድ ነበርክ? ከማን ጋር ዞርክ? ኬዝ አቅርበሃል?" በለው። መልሱን ሲጀምር ድምፁ ይነግርሃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነው። በእኛ ጊዜ ፍሬሽማን አልነበረም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ፍሬሽማን ተመልሷል። ስለዚህ "ዩኒቨርሲቲ ደረሳት" ማለት "ፋርማሲ ደረሳት" ማለት አይደለም። ገብታ በፍሬሽማን ውጤቷ ተወዳድራ ነው ዲፓርትመንት የምታገኘው። ስም ያለው ቦታ ጎበዝ ልጅ ይበዛል። ሕክምና ፈልገው ያልደረሳቸው ልጆችም ወደ ፋርማሲ ያዘነብላሉ። የአክስቴ ልጅ ፋርማሲ ብላ ሄዳ ያላሰበችው ዲፓርትመንት ገብታ አንድ ዓመት ሙሉ አልቅሳለች። የምትሞሉት ዩኒቨርሲቲ ባለፈው ዓመት ስንት የፋርማሲ ተማሪ እንደተቀበለና የመጨረሻው ገቢ በስንት ጂፒኤ እንደገባ ጠይቁ። ሁለተኛ ዓመት ያሉ ልጆች ይህን ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል። የአመዳደቡ መመሪያ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራስህ አንብበው። ለእህትህም ንገራት፣ ፍሬሽማን ላይ ሒሳብን ብትንቅ ፋርማሲን ታጣለች።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ፣ መቼም እሱን ሳልነካ አትለቀኝም።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ጤናው የሚሰጠው በአዴት መንገድ ባለው ጥበበ ግዮን ነው። ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ነው። ያ ትልቅ ነገር ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ ለስንት ዘመን ከየወረዳው ሪፈር የሚጎርፍበት። ጣና ዙሪያ የሌለ በሽታ የለም። ወባ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ስኳርና ደም ግፊቱም ከከተማው ጋር እያደገ ነው። ለተማሪ ይህ ሀብት ነው።

ጎንደር በጤና ትምህርት አንጋፋ ነው። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከእኛ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ክፍት ባልሆነ ጊዜ ደግሞ እህትህን የምታገኛት በስልክ ብቻ ነው። ይህንን እንደ ትንሽ ነገር አትየው። ያለፉትን ዓመታት ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱ የመጀመሪያው የፋርማሲ ትምህርት ቤት ነው። ልጅቷ ወደ ምርምርና ወደ መድኃኒት ማምረት የምታዘነብል ከሆነ እዚያ የባዮኢኩቫለንስ ማዕከል አለ፣ የአንድ መድኃኒት ቅጂ ከመጀመሪያው እኩል መሥራቱን የሚፈትሽ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎቹና አስመጪዎቹም በብዛት ያሉት በዚያው ዙሪያ ነው። ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ወጪውንም ቀድማችሁ አስሉ። ጅማ ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥቶ በሚሰጠው ትምህርቱ የታወቀ ነው፣ የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ላብራቶሪም አለው። ርቀቱን ከቻላችሁ መልካም ነው።

ደብረ ማርቆስን፣ ደብረ ታቦርንና ወሎን ሰው እየዘለለ ያልፋቸዋል። ያ ልክ አይመስለኝም። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንሠራበት ኤፒቲኤስ የሚባለው የመድኃኒት ሒሳብና አገልግሎት አሠራር መጀመሪያ ተግባር ላይ የዋለው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ድሮ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተሸጠ፣ ምን ጊዜው እንዳለፈበት በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እያንዳንዷ ፍሬ ተቆጥራ ትወጣለች። ተማሪ ያነሰበት ቦታ ደግሞ አስተማሪ ስምህን ያውቃል።

የግል ኮሌጁን በተመለከተ ዝም ብዬ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ደህና የሚያስተምሩ አሉ፣ አብሬያቸው የምሠራ ጎበዝ ልጆች አሉ። ግን የአጎቴ ልጅ የደረሰበትን ልንገርህ። አንድ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ከፍቶ ለፋርማሲ ዲግሪ መዘገበው። ዋናው ግቢ ፈቃድ ነበረው። እሱ የተመዘገበበት ቅርንጫፍ ግን ለዚያ ፕሮግራም ፈቃድ አልነበረውም። ሁለት ዓመት ከፈለ። አባቱ በሬ ሸጦ ነው የከፈለው። ሲነቃ ጊዜውም ገንዘቡም ሄዷል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይተህ አትመን። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቅ፣ ፈቃዱ ለዚህ ፕሮግራም፣ በዚህ ደረጃ፣ ለዚህ ግቢ መሆኑን። ሦስቱንም። የሙያ ሥልጠናው ደረጃ 4 እና ዲግሪም አንድ አይደሉም። አንዳንድ መዝጋቢ "ፋርማሲ ነው" ብሎ ብቻ ያልፈዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ሃምሳ በመቶ ካልመጣ ዲግሪው አይሰጥም። የምትጠይቁት ትምህርት ቤት ከፋርማሲ ተማሪዎቹ ስንቱ እንዳለፉ ቢጠየቅ መመለስ አለበት። የሚያንገራግር ከሆነ ለእኔ መልስ ነው።

ስለ ሥራው አልዋሽህም። ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ልጆች አሉ። መንግሥት እንደ ድሮው እየመደበ አይቀበልም። ግን በሩ አንድ ብቻ አይደለም። ሆስፒታል አለ፣ የግል ፋርማሲ አለ፣ የመንግሥት መድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት እዚህ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፣ አስመጪ አለ። የቀጠሩ ሰዎች እኔን የጠየቁኝ ምን መሥራት እንደምችል ነው። ከየት ተመረቅሽ ያለኝ ጥቂት ነው።

እና ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። እህትህ ፋርማሲ ስትል ምን ታይቷት እንደሆነ ጠይቃት። ነጭ ጋዋን ለብሶ መስታወት ውስጥ መቀመጥ ከሆነ ሥራው እንደዚያ አይደለም። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ አንድ ሰው ከዘጌ በጀልባ መጣ። ወባ ነው፣ ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ወስዶ ነበር፣ ተሻለው ሲል ተመለሰበት። ፓኬቱን ከኪሱ አወጣው። 24 ፍሬ መዋጥ የነበረበት ሰው 12ቱን ብቻ ነው የዋጠው። ሲሻለው ግማሹን ለልጁ አስቀመጠለት። "ልጄም ቢታመም ብዬ" አለኝ። እንዴት ትቆጣዋለህ? መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ወተት እንዳልለው ጾመ ነቢያት ገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ቁጭ ብለን ሰዓቱን አብረን አስተካከልን። ዘይት ያለው ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት። የጠዋቷን መዋጫ ደግሞ ለንስሐ አባቱ ነግሮ እንዲፈቅዱለት ተስማማን። ለልጁም ቢታመም በኪሎው ተለክቶ እንጂ ከአባቱ ተርፎ እንደማይሰጥ ነገርኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከኋላው ሰልፉ ያጉረመርም ነበር። እንደዚህ ያለውን ቀን ከወደደችው ፋርማሲ የእሷ ነው።

የእኔን ምርጫ ካልክ፣ እህትህ እህቴ ብትሆን እንዲህ አስሞላት ነበር። አንደኛ ባሕር ዳር፣ ሆስፒታሉ የራሱ ስለሆነና መንገድ ቢዘጋም ቤቷ ስለሆነች። ሁለተኛ ጎንደር። ሦስተኛ ደብረ ማርቆስ። የመምረጥ አቅሙ ካላችሁና ምርምር ከሳባት የአዲስ አበባን ፈተና ጎን ለጎን ትፈተን፣ መሞከሩ አይጎዳም። የዘንድሮውን የዲፓርትመንት ቁጥር ስታገኙ ግን ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል፣ እኔን ብላችሁ እንዳትደርቁበት።

ቅጹ ከመዘጋቱ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ብትመጣ አለቃዬን አስፈቅጄ ሁለት ሦስት ሰዓት መስኮቱ ጋር አቆማታለሁ። ምቹ ጫማ ታድርግ። መቀመጫ የለንም።