«መርፌ ጣልን» ስለሚሉ ቪዲዮዎች እና ሌሎች ጥያቄዎች

ጠዋት በባዶ ሆድ ሙቅ ውሃ በሎሚ መጠጣት ቦርጭ ያቀልጣል ወይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ።

አያቀልጥም። ውሃው ደግ ነው፤ ሎሚው ሲዘወተር ጥርስ ይሸረሽራል።

ፊቷን በሎሚ ማሸት የጀመረች አንባቢ «ቲክቶክ ላይ ያጠራል ተብሏል» ትላለች።

ሎሚ ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ከወጣሽ ቆዳሽ ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል። ለሰላጣ አድርጊው።

ከድሬዳዋ የጻፉልኝ እናት ጉዳይ ግን አስደንግጦኛል። የእህታቸው ልጅ 15 ዓመቷ ነው፤ አንደኛው ዓይነት ስኳር ተገኝቶባት ኢንሱሊን ከጀመረች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ሰሞኑን ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰላት። እናቷ ደግሞ «ልጄ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ጠጥቶ መርፌ ጣለ» የሚል ቪዲዮ አይታ መርፌውን ልታስቆማት ነው።

አሁኑኑ ለእህትዎ ይደውሉላት፤ መርፌው እንዳይቆም!

ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት ዋሽታለች አልልም፤ የልጇ የስኳር ቁጥር በእርግጥ ወርዶ ይሆናል። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል። መርፌው ሲጀመር የተረፉት ፋታ ያገኙና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ደህና ይሠራሉ፤ የመርፌው መጠንም ይቀንሳል። በዚያ ሰሞን ሽፈራው የጠጣ ሰው ሽፈራውን ያመሰግናል። ቪዲዮውም የሚቀረጸው ያኔ ነው። ፋታው አልቆ ስኳሩ ሲያሻቅብ ካሜራ ይዞ የሚመለስ የለም።

ሽፈራውን ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል፤ ምግብ ነው፣ ትብላው። ኢንሱሊንን ግን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። መርፌው ቆሞ ከሆነና ልጅቷን ውሃ ውሃ ካላት፣ ካስመለሳት፣ ሆዷን ከቆረጣት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። የመጠኑን ነገር የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ብቻ ነው፤ እኔም አይደለሁም።

«ነጭ ጋውን የለበሰው ሁሉ ሐኪም ነው?» ይላል አንድ ወጣት።

ጋውን መርካቶ ይሸጣል። ሙሉ ስሙን፣ የሙያ ፈቃዱንና የሚሠራበትን ቦታ ይናገራል? ምክሩ የሚያልቀው «በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ያላችሁበት ድረስ እንልካለን» በሚል ከሆነ ነጋዴ ነው። እውነተኛ ሐኪም ቢሆንም እንኳ አንተን አልመረመረህም።

የሙዝ ልጣጭ ጥርስ ያነጣል?

ሙዙን ብሉት፤ ጥርሳችሁን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ። ብዙ ካሳሰባችሁ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ብቅ በሉ።