የሟቹ ጠበቃ ካርቶኖች የማን ናቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ካሮላይና ነው። የባለቤቴ አባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአርባ ዓመት በላይ በጥብቅና የሠሩና የአካባቢያቸውን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ስልሳ ያህል ካርቶን ወረቀት ትተዋል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የቆዩ የቤተሰብ ደብዳቤዎች፣ የደንበኞች ፋይሎች፣ ያልታተመ የካውንቲው ታሪክ፣ ያረጁ የፍርድ ቤት ወረቀቶች፣ እንዲሁም በባርነት የተያዙ ሰዎች በስማቸው ተዘርዝረው የተሸጡበት ሰነድ አለበት። ኑዛዜያቸው ስለ ወረቀት አያነሳም፤ ንብረቴን ሦስቱ ልጆቼ እኩል ይካፈሉ ይላል። አስፈጻሚው ባለቤቴ ነው። ወንድሙ የሽያጩን ሰነድ በኢንተርኔት ጨረታ ልሽጠው ይላል፤ እኅታቸው አንዳንዱ ደብዳቤ ይቃጠል ትላለች። እኔ ደግሞ ከመሳቢያቸው፣ ወረቀቶቻቸው ለዩኒቨርሲቲ እንዲሰጡ የሚል በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ አገኘሁ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሁሉም ነገር የሚጀምረው እርስዎ ካገኙት ደብዳቤ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እንመልከት።

የሰሜን ካሮላይና ሕግ፣ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመበትን ኑዛዜ፣ ሲጻፍ አንድም ምስክር ባይኖር እንኳ ይቀበላል። ሆኖም ወረቀቱ ከሞት በኋላ በሟቹ ጠቃሚ ሰነዶች ወይም ንብረቶች መካከል፣ በባንክ ሣጥን ውስጥ፣ ወይም እንዲያስቀምጥለት በሰጠው ሰው እጅ መገኘት አለበት። በተጨማሪም ጽሕፈቱ የሟቹ መሆኑን ቢያንስ ሦስት ሰዎች ሊመሰክሩ፣ ስለተገኘበት ቦታም ከእነዚሁ አንዱ ወይም ሌላ ሰው ሊናገር ይገባል። ደብዳቤውን ያገኙት እርስዎ ስለሆኑ በቦታው ጉዳይ ዋናዋ ምስክር እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ደብዳቤው በየትኛው መሳቢያ፣ ከየትኞቹ ወረቀቶች ጋር፣ በየትኛው ቀን እንደተገኘ ዛሬውኑ ጽፈው ይያዙ፤ ፎቶ ያንሡት፤ ዋናውን ግን ማንም እንዳያጥፈውና እንዳይጽፍበት ያድርጉ። ወረቀቱ የቢሮአቸው ስምና አድራሻ የታተመበት ቢሆን አይጨነቁ፤ በእጅ የተጻፈው ክፍል ብቻውን ትርጉም ከሰጠ የታተመው አያፈርሰውም።

የሚያከራክረው ቃሉ ነው። «ከሞትሁ በኋላ ወረቀቶቼ ለዩኒቨርሲቲው ይሰጡ» ብለው ጽፈው ከሆነ የኑዛዜ ቃል ነው፤ «አንድ ቀን ልሰጣቸው አስባለሁ» ከሆነ ግን የአሳብ መግለጫ እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ይህን ለመወሰን እርስዎም እኔም ሥልጣን የለንም። ባለቤትዎ ዋናውን ደብዳቤ ይዞ የካውንቲው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ መቅረብ አለበት፤ በሰሜን ካሮላይና ኑዛዜ የሚጸድቀው እዚያ ነው። አስፈጻሚ ሆኖ ደብዳቤውን ቢደብቅ ግን በኋላ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል።

ኑዛዜ ባይሆን እንኳ አለቀ ማለት አይደለም። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ በጻፉት ደብዳቤ በዚያ ያስቀመጧቸው ወረቀቶች ከሞቱ በኋላ የዩኒቨርሲቲው እንዲሆኑ ተናግረው ነበር። ባለቤታቸው ኮሬታ ስኮት ኪንግ ወረቀቶቹ ይመለሱልኝ ብለው ቢከሱም፣ የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1995 ለዩኒቨርሲቲው ፈርዷል፤ ደብዳቤው ቃል ኪዳን ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲውም እሱን አምኖ ወረቀቶቹን ሲጠብቅ ኖሯልና። በእናንተ ጉዳይ ግን ካርቶኖቹ ከቤት ያልወጡ ይመስለኛል። ስጦታ ደግሞ ዕቃው በእጅ ካልተረከበ አይጸናም። ዩኒቨርሲቲው ከአማትዎ ጋር ተጻጽፎ እንደነበረ ከካርቶኖቹ ውስጥ ቢፈለግ ጠቃሚ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ክፍል ልምጣ። የደንበኞች ፋይሎች እንደ ቤተሰቡ ደብዳቤ የሚታዩ አይደሉም። ጠበቃ ቢሞት የደንበኛው ምስጢር አብሮ አይቀበርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998፣ ደንበኛው ራሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ለጠበቃው የነገረው ምስጢር እንደተጠበቀ ይኖራል ብሎ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ወስኗል። በትንሽ ከተማ አርባ ዓመት የሠራ ጠበቃ ፋይል የጎረቤቱን ፍቺ፣ የአባትነት ክርክሩን፣ የወንጀል ክሱን የያዘ ነው፤ የልጅ ልጆቹም ዛሬ እዚያው ከተማ ይኖራሉ። ስለዚህ እነዚህን ካርቶኖች ሳትከፍቱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ቢሮውን የተረከበ ሸሪክ ጠበቃ ከሌለ ለግዛቱ የጠበቆች ተቆጣጣሪ አካል፣ ለስቴት ባር፣ አመልክቱ፤ የሟች ጠበቃ ደንበኞችን ጥቅም የሚጠብቅ ባለአደራ በፍርድ ቤት በኩል ሊያስሾም ይችላል። የተዘጋ ፋይል ከስድስት ዓመት በኋላ ምስጢሩ በማይወጣበት መንገድ ሊወገድ ቢችልም፣ በውስጡ የደንበኛ ዋና ኑዛዜ ወይም የመሬት ሰነድ ካለ የደንበኛው ንብረት ስለሆነ ይመለስለታል፤ ደንበኛው ካልተገኘ ኑዛዜውን እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል ያንኑ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጠይቁ።

ያረጁትን የፍርድ ቤት ወረቀቶች ማንም እንዳይሸጣቸው አጥብቄ እመክራለሁ። የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ በተለይ ጠበቆች፣ ከፍርድ ቤት ምድር ቤት ሊጣል የነበረውን መዝገብ አንሥተው ቤታቸው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር፤ ብዙ ጊዜም መዝገቡን ከጥፋት አድነውታል። ሆኖም ያዳነ ሰው ባለቤት አይሆንም። በ1767 እና በ1768 የተጻፉ፣ በኋላ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ የሆነው ዊልያም ሁፐር የፈረመባቸው ሁለት የክስ ወረቀቶች በአንድ ሰብሳቢ እጅ ሲገኙ፣ የሰሜን ካሮላይና መንግሥት ከስሶ በ1977 በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስመልሷቸዋል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሰብሳቢው በጨረታ በገንዘቡ ገዝቷቸው ነበር፤ ይህ አልጠቀመውም።

የሰዎቹ ሽያጭ ሰነድ በሁለት ነገር ይታያል። ከፍርድ ቤት መዝገብ የወጣ ከሆነ ከላይ የተባለው ይመለከተዋል። የቤተሰቡ ቅጂ ከሆነ ግን የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ ሆኖም ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፤ ውርሱ እስኪጣራ ድረስ በአስፈጻሚው እጅ ይቆያል። ከሕግ ወጣ ልበልና፣ ከባርነት የወጡት ጥቁር አሜሪካውያን በፌዴራል የሕዝብ ቆጠራ በስማቸው የተመዘገቡት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ አያቶቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ስም የሚያገኙት እንዲህ ካለው ሰነድ ላይ ነው። ለአንድ ሰብሳቢ ግድግዳ ከተሸጠ እነዚያ ስሞች ጠፉ ማለት ነው። በቻፕል ሂል የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የደቡቡን ቤተሰቦች ወረቀት የሚያከማች ክፍል በ1930 የከፈተው እንዲህ ያለው ነገር በየሰገነቱ እንዳይቀር ነው።

የቅጂ መብቱ ከወረቀቱ የተለየ ነው። አማትዎ የጻፉት ያልታተመ ታሪክ መብት ለልጆቻቸው ይተላለፋል፤ ከሞቱ በኋላም ለ70 ዓመት ይኖራል። ሌሎች ሰዎች ለእሳቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች ግን ወረቀታቸው የእናንተ ቢሆንም የቃላቱ መብት የላኪዎቹ ወይም የወራሾቻቸው ነው፤ በመጽሐፍ ልታሳትሟቸው ብትፈልጉ ይህ ያግዳችኋል። የጦርነቱ ዘመን ደብዳቤዎች ሳይታተሙ የኖሩና ጸሐፊዎቻቸው ከ1933 በፊት የሞቱ ከሆነ መብታቸው በ2002 መጨረሻ አብቅቷል።

ስለ ግብር አጭር ነገር አለኝ። አማትዎ በሕይወት ሳሉ የራሳቸውን ጽሑፍ ቢሰጡ ኖሮ ከግብር የሚቀነስላቸው የወረቀትና የቀለም ዋጋ ብቻ ነበር፤ ወራሾች ሲሰጡ ግን አማትዎ በሞቱበት ቀን የነበረውን የገበያ ዋጋ ይዘው ይነሣሉ። ዋጋው ከ5,000 ዶላር በላይ ነው ካላችሁ ገለልተኛ ገማች ያስፈልጋል፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሊገምትላችሁ አይችልም።

ለእኅታቸው፣ ማቃጠል ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ባለቤትዎ ያስረዳቸው። ከዩኒቨርሲቲው ጋር በሚደረገው የስጦታ ውል የተወሰኑ ደብዳቤዎች ለተወሰኑ ዓመታት ታሽገው እንዲቆዩ፣ ተቀባዩ የማይፈልገውም እንዳይጣል ለቤተሰቡ እንዲመለስ ማስጻፍ ይቻላል። የቅጂ መብቱም ከተላለፈ በጽሑፍና በፊርማ ብቻ ስለሚጸና ሦስቱም ልጆች ይፈርሙ። የደብዳቤው ጉዳይ በፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ፊት እስኪለይ ድረስ ግን አንዲት ቅጠል ወረቀት እንኳ ከቤት እንዳትወጣ፣ ለወንድምየውም ይህ በጽሑፍ ይድረሰው።