ሜዲኬድ ሲቋረጥ፦ በአሜሪካ ላሉ ወገኖች ጥያቄና መልስ

በጤና መድን ምዝገባ ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየሁ በመሆኔ፣ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ሀብታም በሆነ አገር ሕክምና ማግኘት ለምን እየከበደ ሄደ?

መልስ፦ ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። አገሪቱ በ2023 ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ችግሩ ሕክምናው ከመድን ጋር፣ መድኑ ደግሞ ከሥራ፣ ከገቢና ከወረቀት ጋር መተሳሰሩ ነው። በኮቪድ ጊዜ ማንም ከሜዲኬድ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ከሚሰጠው የጤና መድን) እንዳይሰረዝ ያደረገው ድንጋጌ በማርች 2023 መጨረሻ ሲያበቃ፣ በቀጣዩ ማጣራት ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሰርዘዋል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የወጡትም ብቁ አለመሆናቸው ተረጋግጦ ሳይሆን፣ ቅጽ ባለመመለስና በመሳሰሉት የአሠራር ምክንያቶች ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊወስድ ፋርማሲ ሲሄድ የሜዲኬድ ካርዱ እንደማይሠራ ተነገረው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ያልተከፈተ ፖስታ እንዳለ ይፈልጉ። የእድሳቱ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል፤ ወይም ቤት የቀየረ ሰው ወደ ቀድሞ አድራሻው ይላክበታል። መድኑ የተቋረጠው የእድሳት ቅጹ ባለመመለሱ ከሆነ፣ በገቢ መጠን ለሚታቀፉ ጎልማሶች ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀናት ውስጥ ቅጹን ከገቢ ማስረጃ ጋር ሲመልሱ፣ አዲስ ማመልከቻ ሳይጠየቁ ጉዳያቸው እንደገና ይታያል። የታክሲ ሥራ ገቢው ከወር ወር ስለሚለያይ፣ የነዳጅና የጥገና ወጪው ተቀንሶ የሚቀረውን የተጣራ ገቢ ማሳየት እንጂ የተሰበሰበውን ሁሉ መጻፍ አይገባም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በ2025 የወጣው ሕግ እኛን ይነካል?

መልስ፦ በእጅጉ ይነካል። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ፣ ጥገኝነት ያገኙና በስደተኝነት የገቡ አብዛኞቹን ጎልማሶች ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከፌዴራል ሜዲኬድ ያስወጣል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ግን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ጥገኝነት ካገኘ አንድ ዓመት የሞላው ሰው የግሪን ካርድ ማመልከቻውን በጠበቃ እያማከረ ቶሎ ማስገባት አለበት። በተጨማሪ ሜዲኬድን ባስፋፉ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ተጨማሪ ጎልማሶች በከፈቱ ግዛቶች፣ በዚያው ማስፋፊያ የታቀፉ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ጎልማሶች፣ ነጻ ከሚደረጉት በስተቀር፣ ቢዘገይ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም በሌላ ሕጉ በሚቀበለው ተግባር መሳተፋቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ እድሳቱም በየስድስት ወሩ ይሆናል። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በዚህ ሕግ ምክንያት እስከ 2034 ድረስ መድን የሌላቸው ሰዎች ቁጥር በ10 ሚሊዮን እንደሚጨምር ገምቷል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ መድን የለውም። ደረቱን ሲያመው የሆስፒታሉን ሂሳብ (ቢሉን) ፈርቶ ቤት ይቀመጣል።

መልስ፦ እባክዎ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ከ1986 ጀምሮ በጸናው ሕግ፣ ከሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን ከሚሰጠው የፌዴራል የጤና መድን) ጋር የሚሠራና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ የመጣውን ሰው መክፈል ባይችልም መርምሮ ከአደጋ የማውጣት ግዴታ አለበት። ቢሉ በኋላ ይመጣል፤ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ግን የክፍያ እርዳታ ሊኖረው ግድ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ቢል አንሥቶ ባሉት 240 ቀናት ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ለዘወትር ክትትል ደግሞ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ታስተርጉምልኝ?

መልስ፦ አይሆንም፤ ነጻ አስተርጓሚ ማግኘት መብትዎ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ያስመዝግቡ።