ራፋል ከአሜሪካ መርከብ ላይ ይነሳል፤ ከእንግሊዝ መርከብ ግን አይነሳም

ሰላም ወንድሜ፤ «የፈረንሳይ ተዋጊ ጄት ራፋል ከአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ በእንግሊዝ መርከብ ላይ ለምን አይሠራም? ሁሉም የኔቶ አባል አይደሉም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ነገሩን የሚወስነው ወዳጅነቱ ሳይሆን የመርከቡ ወለል ነው።

ሻርል ደ ጎል የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጄት የሚያስፈነጥርባቸው ሁለት የእንፋሎት ካታፑልቶች አሜሪካ ሠራሽ ናቸው፤ ርዝመታቸው 75 ሜትር ነው። ስለዚህ ራፋል ኤም (ለመርከብ የተሠራው ራፋል) የፊት ጎማው እግር ላይ ያለችው መያያዣ ብረት በአሜሪካ መርከብ ካታፑልትም ላይ ልክ ትገባለች። ሲያርፍም የጅራቱ መንጠቆ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን የብረት ገመድ ይይዛል። አብራሪዎቹም ቢሆኑ በመርከብ ላይ ማረፍን የሚማሩት አሜሪካ ሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. 12 ራፋሎች ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ በተባለው የአሜሪካ መርከብ ላይ ወጥተው ከአሜሪካ ጄቶች ጋር ተለማምደዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የ2010ሩ ነው። ሃሪ ትሩማን በተባለው ሌላ የአሜሪካ መርከብ ላይ የአንድ ራፋል ሞተር እዚያው ባሕር ላይ ተቀየረ። ተነስቶ ማረፍ አንድ ነገር ነው፤ ሞተር አውርዶ ሌላ መግጠም ግን መለዋወጫውን፣ መሣሪያውንና እርስ በርስ የሚግባባ ባለሙያ ይጠይቃል። ትብብር ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

የእንግሊዟ መርከብ ኩዊን ኤልሳቤጥ ግን ካታፑልትም የማቆሚያ ገመድም የላትም፤ የወለሏ ጫፍ ሽቅብ የታጠፈ ነው። ለእሷ የሚሆነው በአጭር ሩጫ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚያርፈው ኤፍ-35ቢ የተባለው ጄት ነው። በ2021 የአሜሪካ ማሪኖች 10 ኤፍ-35ቢ ይዘው አብረዋት ዘምተዋል፤ የእንግሊዞቹ ራሳቸው 8 ነበሩ።