ወሩ ሳያልቅ አስቤዛው ለሚያልቅባት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ሳትገዢ ወሩ ሳይጋመስ ቤቱ ባዶ እንደሚሆንብሽ ጽፈሻል። ምግብ ላይ ከየት መቀነስ እንደሚቻል፣ ዳቦ እቤት መጋገር ያዋጣ እንደሆነ፣ የጽዳት ዕቃውን ሁሉ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ መተካት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ስላረረብሽ ድስትም አንስተሻል። ቤት ሳስተዳድር ከኖርኩበት ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ርካሽ ነገር ፍለጋ አትሩጪ። ለአንድ ሳምንት ከቤትሽ የሚጣለውን ምግብ ብቻ ወረቀት ላይ ጻፊ። ግማሽ ሽንኩርት፣ የደረቀ ዳቦ፣ ፍሪጅ ጥግ ተረስቶ የሻገተ ሩዝ፣ የጠወለገ ቅጠል። ለእያንዳንዱ ገንዘብ ከፍለሽበታል። እኔ እስከማምነው ድረስ የቤት ወጪ በዋናነት የሚያመልጠው በገበያ ሳይሆን በቆሻሻ ቅርጫቱ በኩል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ደጋግሞ የመጣውን ነገር ወይ በትንሹ ግዢው፣ ወይ አቀማመጡን አስተካክዪ።

ስለ አቀማመጥ አንድ ሁለት ነገር። ድንችና ሽንኩርት ሁለቱም ጨለማና አየር ይወዳሉ፣ ግን አንድ ቅርጫት ውስጥ አታድርጊያቸው። አንዱ የሌላውን መበላሸት ያፋጥናል። ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ ይሄ ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ሊኖርበት እንደሚችል ምልክት ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ጠለቅ አድርገሽ ቆርጠሽ ጣዪው። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከመረረ ግን አይበላም። ለምግብ የሚሆን ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ግንዱን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ብታቆሚው ብዙ ቀን ይቆይልሻል።

የተረፈ ምግብ ላይ ጠንቃቃ ሁኚ። ቁጠባ ብለን ቤተሰብ ብናሳምም ትርፍ የለውም። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። በተለይ ሩዝ! ሩዝ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም። ሩዙ ለብ እንዳለ ሲቆይ ይራባና መርዝ ያመነጫል፤ ያ መርዝ ደግሞ እንደገና ብታሞቂውም አይጠፋም። ስለዚህ ሰፋ ባለ ዕቃ ላይ ዘርጊው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ፍሪጅ አስገቢው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አብዛኛው የተረፈ ወጥና ሾርባ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ክዳኑ ላይ የተሠራበትን ቀን ጻፊበት። ይህች ትንሽ ልማድ «ይሄ መቼ የተሠራ ነው?» የሚለውን ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

አሁን ወደ ዋናው። ወጪዬን ከምንም በላይ የቀነሰልኝ ጥራጥሬ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ። ደረቁን ገዝተሽ ስትቀቅዪው ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከታሸገው ጋር ሲወዳደር ብዙ ይረክሳል። ሰዎች የሚሸሹት ጋዙን ወይም መብራቱን ይጨርሳል ብለው ነው። ልክ ናቸው፣ ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ይጨርሳል። ሽምብራና ቦሎቄን ማታ ዘፍዝፊው። ውሃው ውስጥ ጨው ጨምሪበት፣ ለ1 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ያህል። ጨው ጥራጥሬ ያጠነክራል ሲባል ትሰሚ ይሆናል፤ እንዲያውም ልጣጩን ያለሰልሰዋል። የሚያጠነክረው ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ነው። እነዚህን ቀድመሽ ከጨመርሽ ስትቀቅዪ ብትውዪም አልበስልም ይላል። ከበሰለ በኋላ ጨምሪያቸው። ምስር መዘፍዘፍ አያስፈልገውም።

ቀይ ቦሎቄ ላይ አደራ። ጥሬው ወይም በደንብ ያልበሰለው ሆድ የሚያሳምም ተፈጥሯዊ መርዝ አለው። የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊው፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ እየተንተከተከ ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ አብስዪው። ለስ ባለ እሳት ብቻ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ካለሽ ቀድመሽ ሳታፈዪ ቦሎቄ አትጨምሪበት።

አንዴ ሲጣድ ብዙ ይጣድ። የተረፈውን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ደክሞሽ የገባሽ ቀን ውጭ ምግብ ከመግዛት የሚያድንሽ ይሄ ነው። ድስት ሁሌም ይከደን። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ከማትነን በቀር ምግቡን አያፈጥነውም። ፕሬዠር ኩከር ካለሽ ግን ውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ ስለሚደርስ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

ዳቦስ ያዋጣል ወይ? ያዋጣል፣ ግን ኦቨኑን ለአንድ ዳቦ ብቻ የምታሞቂ ከሆነ ትርፉ ይጠፋል። ሁለት ዳቦ አንድ ላይ ጋግሪ፣ ወይም ከዳቦው ኋላ ድንች ወይም ኬክ አስገቢ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኦቨኑን አጥፍተሽ በቀረው ሙቀት መጨረስም ይቻላል።

እኔ የምሠራው የማይታሸውን ነው። 500 ግራም ዱቄት፣ 350 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። በማንኪያ ብቻ አደባልቀሽ ከድነሽ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ተዪው። እርሾው ትንሽ የሆነው ጊዜው ረጅም ስለሆነ ነው፤ ጊዜው ራሱ ሊጡን ያጠነክረዋል፣ ጣዕሙንም ያመጣዋል። ቤትሽ ሞቃት ከሆነ ጊዜውን አሳጥሪ፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ፊቱ በአረፋ ከተሞላ ደርሷል። ዱቄት ነስንሰሽ ክብ አድርጊው፣ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ። ክዳን ያለው ኦቨን የሚችል ድስት በ230 ዲግሪ አሙቂ፣ ሊጡን ክተቺበት፣ 30 ደቂቃ ተከድኖ 15 ደቂቃ ተከፍቶ ይጋገር። ክዳኑ የሚያስፈልገው የዳቦው እንፋሎት እንዳይወጣ ነው፤ እንፋሎቱ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅና ዳቦው እንዲነፋ ያደርጋል። ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪው፣ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው።

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ። እዚያ ከውጭው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ቆራርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊውና የሚበቃሽን ያህል ብቻ አውጪ። የደረቀውን ውሃ እርጭ አድርገሽበት ትኩስ ኦቨን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብታስገቢው ይመለሳል፤ በዚያው ቀን ግን ይበላ። ከዚያ ያለፈው ተፈጭቶ ለጥብስ መለወሻ ይሁን። የሻገተ ግን፣ ሻጋታው በአንድ ጫፍ ብቻ ቢታይም፣ ይጣል። ዳቦ ቀዳዳ ስላለው ሻጋታው ከሚታየው በላይ ገብቷል።

ለኬክ ቤኪንግ ፓውደር ካለቀብሽ ለ1 የሻይ ማንኪያው ምትክ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ ኩባያ እርጎ ተጠቀሚ፤ ከሌላው ፈሳሽ ግማሽ ኩባያ ቀንሺ። ቆይቷል ብለሽ የጠረጠርሽውን ቤኪንግ ፓውደር ከመጣልሽ በፊት ደግሞ ትንሽ ቆንጥረሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። በደንብ አረፋ ካወጣ ይሠራል።

ወደ ጽዳቱ እንምጣ። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ግን ለየብቻ። አንድ ላይ ሲደባለቁ የሚወጣው አረፋ ደስ ይላል እንጂ የሚያጸዳው ነገር ትንሽ ነው። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋና የሚቀርሽ በአብዛኛው ውሃ ነው። ኮምጣጤውን ማንቆርቆሪያ ውስጥና ቧንቧ አፍ ላይ ለሚጋገረው ነጭ ነገር ተጠቀሚበት። ከውሃ ጋር እኩል አድርገሽ አፍልተሽ ትንሽ ተዪው፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቂው። ለመስታወትም ይሆናል። እብነ በረድ ላይ ግን አታስነኪው፣ ድንጋዩን ይበላዋል። ሶዳው ደግሞ ለቅባትና ለሽታ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ነስንሰሽ ምድጃና ማጠቢያ ገንዳ ብትፈትጊበት ብዙም ሳይጭር ያነሳል። ከሁለቱም በላይ ግን በየቀኑ የሚሠራው ተራ ፈሳሽ ሳሙና ነው። እሱን አትተዪው፤ ይልቅ መጠኑን ቀንሺ። ልብስ ላይም እንደዚያው ነው። ሳሙና ሲበዛ ልብሱ ውስጥ ይቀራል፣ ለማለቅለቅ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ትጨርሻለሽ። የደም፣ የወተትና የእንቁላል እድፍ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅ፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ልብሱ ላይ ያበስለዋል።

በረኪናን በሁለቱ መተካት ይቻላል ብለሽ ካሰብሽ፣ አይቻልም። ሽንት ቤትና ጥሬ ሥጋ የነካው ጣውላ ላይ ኮምጣጤና ሶዳ ቦታውን አይሸፍኑትም። ግን ቁጥብ አድርገሽ ተጠቀሚበት። መጀመሪያ ቦታውን በሳሙና እጠቢ፣ ምክንያቱም በረኪና ቆሻሻ ላይ ኃይሉ ያልቃል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ የበጠበጥሽውን በዚያው ቀን ጨርሺው፣ መስኮት ክፈቺ። እባክሽ ደግሞ ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አታገናኚው። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ። አንዱን ተጠቅመሽ ሌላውን ከማስከተልሽ በፊት በብዙ ውሃ አጥቢ። ልጆች እንዳይሳሳቱ ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም አትገልብጪው።

ያረረው ድስት ብረቱ ምን እንደሆነ አልጻፍሽም። የማይዝግ ብረት ከሆነ ያረረውን የሚሸፍን ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረሽ ለ10 ደቂቃ አፍዪው፣ እስኪቀዘቅዝ ተዪው፣ በእንጨት ማንኪያ ሲገፋ ይላቀቃል። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ሶዳ ያጠቁረዋል። ለእሱ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ሞልተሽ አሳድሪውና ጠዋት ፈትጊው። በአንዴ ካልለቀቀ ድገሚው፤ በቢላ አትፋቂው።