አዳማ ሲመለስ ሲጋራው ለምን አብሮ ተመለሰ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ገጠር አያታችሁ ጋ ሁለት ሳምንት ሲቆይ አንድም ሲጋራ አላጨሰም፤ ብዙም አላማረውም። አዳማ በገባ ቀን ግን ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ለኮሰ። «ሱስ ቢሆን ኖሮ እዚያም ያስቸግረው ነበር፤ ማቆም አይፈልግም ማለት ነው» ብለሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። የነገርሽኝ ነገር ሱስ እንዴት እንደሚሠራ ቁልጭ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ከአዳማ ጅቡቲ ለዓመታት ተሳቢ ስነዳ አጨስ ነበር። ካቆምኩ በኋላ በማታ ሳይኮሎጂ ተማርኩ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ለውሾች ምግብ ከመስጠቱ በፊት ድምፅ ያሰማቸው ነበር። ይህ ሲደጋገም ምግቡ ባይመጣም በድምፁ ብቻ ምራቃቸው መውረድ ጀመረ። ይህን ስማር የታየኝ በሰቃ ሐይቅ ነው። ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ስንቃረብ ውሃው ብቅ ሲል አፌ ይደርቃል፤ እጄ ሳላዘው ደረት ኪሴ ውስጥ ይገባል። ከደቂቃ በፊት ሲጋራ ትዝም አላለኝም። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስለምለኩስ ሐይቁ ራሱ ሐራራዬን ይቀሰቅሰዋል። ለወንድምሽም መናኸሪያው፣ ማኪያቶው፣ የሰፈር ጓደኞቹ እንደዚያ ናቸው። አያታችሁ ቤት እነዚህ የሉም።

ሲጋራ ደግሞ ቶሎ የሚያስለምድ ነገር ነው። የተሳበው ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ይደርሳል። አንድ ሲጋራ 10 ጊዜ ያህል ይሳባል። በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው 200 ጊዜ ያህል በደስታ ስሜት ይሸለማል ማለት ነው። ሽልማት ያገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም አሜሪካዊው የሳይኮሎጂ ባለሙያ ስኪነር በሰፊው አሳይቷል።

ከሁሉ የከበደው ግን ደስታው አይደለም። ኒኮቲን ደም ውስጥ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ያኔ ሰው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ሲለኩስ ቀለል ይለዋል። ስለዚህ «ሲጋራ ያረጋጋኛል» ይላል። እኔም ኬላ ላይ ወረፋ ሲረዝም እንደዚያ እል ነበር። የሚያረጋጋው ግን በአብዛኛው ያለፈው ሲጋራ ያመጣውን መረበሽ ነው። የሚያስከፋ ስሜትን ስለሚያጠፋልን የሚደጋገም ድርጊት አሉታዊ ማጠናከሪያ አለው ይባላል። ወንድምሽ ይህን ቢረዳ ብዙ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ሰው ሌላውን አይቶም ይማራል፤ ሌላው የሳይኮሎጂ ባለሙያ ባንዱራ የታወቀበት ሐሳብ ነው። ረዳቶች ሾፌሩን እያዩ ሲጀምሩ አይቻለሁ።

ታዲያ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ላይ ከለመደው ቦታና ሰዓት ይራቅ። ማኪያቶውን ሌላ ቤት ይጠጣ፤ ወይም ለጊዜው ሻይ ያድርገው። ጫት የሚቅም ከሆነ ያንን ቢተው ይሻለዋል፤ ምርቃና ላይ ሲጋራን እምቢ ማለት በጣም ከባድ ነው። ለዘላለም ግን ከአዳማ መሸሽ አይችልም። ትንሽ ሲጠነክር ወደ ድሮው ቦታ ይሂድና ሳያጨስ ይመለስ። ሐራራው ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ይታገሠው፤ ይበርዳል። ቦታውና ሲጋራው ደጋግመው ሲለያዩ ግንኙነታቸው ይከስማል። ከወራት በኋላም ድንገት ሊያምረው ይችላል። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ አይደንግጥ። ያን ቀን «አንድ ፍሬ ብቻ» እንዳይል ግን አደራ። አልፎ አልፎ የሚሸለም ልማድ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል።

ሰውነቱ በጣም ከተረበሸ ጤና ባለሙያ ያማክር፤ የኒኮቲን ፕላስተርም አለ። አንቺ ደግሞ ፍላጎት የለህም እያልሽ አትጨቅጭቂው። ጭቅጭቅ ሲበዛ ወጥቶ ነው የሚለኩሰው። ይልቅ በየትኛው ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሚያምረው ጠይቂው። የነገረሽን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከየቱ እንደሚጀምር አብረን እናያለን።