ጫማ በአናት፣ መሳቢያ በደረት፦ ስለ ሱሪያሊዝምና ስለ ፓሪስ ልብስ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ሱሪያሊዝምና ስለ ኦት ኩቱር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ካሰብኩት በላይ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሀ እንጀምር። ሱሪያሊዝም ምንድን ነው? ኦት ኩቱርስ?

መልስ፦ ሱሪያሊዝም በ1924 ጸሐፊው አንድሬ ብሬቶን ፓሪስ ላይ ማኒፌስቶውን ያወጣለት የጥበብ እንቅስቃሴ ነው። ሕልም የሚያይ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። የሳሎንህን በር ከፍተህ ስትገባ ባሕር ውስጥ ነህ፤ ግን አይገርምህም። በሩንም ባሕሩንም ታውቃቸዋለህ። የተምታታው ቦታቸው ብቻ ነው።

ኦት ኩቱር ደግሞ ለአንዲት ደንበኛ በልኳ፣ በአብዛኛው በእጅ የሚሰፋ የፓሪስ ልብስ ነው። ስሙ ከ1945 ጀምሮ በፈረንሳይ ሕግ የተጠበቀ ነው። ማንም ብድግ ብሎ «ኦት ኩቱር ነኝ» ማለት አይችልም።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ማን አገናኛቸው?

መልስ፦ ብዙ ሰው አለበት፤ ዋናዋ ግን ፓሪስ ላይ የልብስ ቤት የነበራት ኤልሳ ስኪያፓሬሊ ናት። («ስኪ» ነው የሚባለው፤ «ሺ» ስትሉ የሚሰማችሁ ጣሊያናዊ ይከፋዋል።) በ1890 ሮም ውስጥ ከተማረ ቤተሰብ ተወለደች። ስፌት በወጉ ተምራ አታውቅም።

ስሟ የተነሳው በ1927 በአንድ ጥቁር ሹራብ ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ሪባን የታሰረ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ሪባን የለም፤ እዚያው ሹራቡ ውስጥ የተሠራ ሥዕል ነው። ፓሪስ የነበሩ አርመን ሴቶች ነበሩ ሹራቡን የሚሠሩላት። ጥቁሩንና ነጩን ክር አብረው ስለሚያስኬዱት ሹራቡ ጠንከር ይላል፣ ቶሎ አይለጠጥም። ራሷ እንደጻፈችው፣ ለምሳ ግብዣ ለብሳው ስትሄድ አንድ የኒውዮርክ ሱቅ ገዢ 40 ሹራብ ከ40 ጉርድ ጋር አዘዛት።

ከሁሉም ሥራዎቿ ይህን ሹራብ አስቀድማለሁ። ሱሪያሊስቱ ሠዓሊ ዳሊም፣ ሎብስተር የተሣለበት ቀሚስም ገና አልመጡም፤ ጨዋታው ግን ያኔውኑ ተጀምሯል። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ይዛ በአንድ ስንዝር ፈቀቅ ታደርገዋለች።

ጥያቄ፦ እነዚያን እብድ ልብሶች የሠራው ግን ዳሊ አይደል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሰባት ጊዜ መጥቷል፤ ትንሽም አበሳጭቶኛል። ሳልቫዶር ዳሊ ሐሳብና ሥዕል ሰጥቷል። መቀስ የያዘው የስኪያፓሬሊ ልብስ ቤት ነው።

በ1936 የወጣውን ባለ መሳቢያ ልብስ እንይ። ዳሊ በዚያው ዓመት የቬነስን ሐውልት አካል ላይ መሳቢያ አውጥቶላት ነበር። ሐውልት ላይ ቀላል ነው። ስኪያፓሬሊ ግን መሳቢያውን ወደ ኪስ መለሰችው፤ የልብሱ ቁልፎችም የመሳቢያ እጀታ መስለው ተንጠለጠሉ። አንዳንዱ እጅ የሚገባበት እውነተኛ ኪስ ነው፤ አንዳንዱ ማስመሰያ ነው። ለብሳችሁት ስትወጡ ደግሞ ደህና የሆነ የክረምት ልብስ ነው፣ ይሞቃል፣ ትከሻው ልክ ነው። ቀልዱ የሚሠራው ለዚህ ነው። ስፌቱ ቢበላሽ ኖሮ የቲያትር ቤት ልብስ ሆኖ ይቀር ነበር።

የጫማ ባርኔጣውም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ1933 የኋላ ሚስቱ ጋላ ዳሊን የሴት ጫማ አናቱ ላይ አድርጎ ፎቶ አነሳችው። ነገሩ የቤት ውስጥ ቀልድ ነበር። ለ1937–38 ክረምት ስኪያፓሬሊ ከጥቁር ፌልት (የታመቀ የሱፍ ጨርቅ) የተገለበጠ ባለ ታኮ ጫማ የሚመስል ባርኔጣ አወጣች። ከባርኔጣዎቹ የአንደኛው ታኮ ደማቅ ሮዝ ነበር።

ጥያቄ፦ የሎብስተሩ ቀሚስ ምንድን ነው እንዲህ የሚወራለት?

መልስ፦ በ1937 የተሠራ፣ ነጣ ያለ የሐር ኦርጋንዛ ቀሚስ ነው። ወገቡ ላይ ቀይ መታጠቂያ፣ ጉርዱ ፊት ለፊት ላይ ደግሞ ዳሊ የሣለው ትልቅ ቀይ ሎብስተር አለበት። ሎብስተር ከሸርጣን ጋር የሚዛመድ ባለ መቀስ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ባለጠጎች ይበሉታል። ዙሪያውን ሳህን ላይ እንደቀረበ ሁሉ የፓርስሊ ቅጠል ተበትኖበታል። ዳሊ እውነተኛ ማዮኔዝ ይደረግበት ብሎ እምቢ እንዳለችው ይነገራል።

ያስወራው የለበሰችው ሴት ናት። ዋሊስ ሲምፕሰን በዚያው ዓመት፣ ለእሷ ሲል የእንግሊዝን ዙፋን የተወውን ኤድዋርድን ልታገባ ስትል፣ ይህን ለብሳ ለቮግ መጽሔት ተነሳች። ያነሳት ሴሲል ቢተን ነው። ዓለም ሁሉ በጥርጣሬ የሚያያት ሙሽራ ነጭ ለብሳ ቆማለች፤ ሎብስተሩ ደግሞ የት ላይ እንደተኛ አስተውሉ። ዳሊ ሥራዎች ውስጥ ሎብስተር ከመኝታ ቤት ወሬ ተለይቶ አያውቅም። ፎቶው የእሷን ስም ለማለስለስ ታስቦ ከነበረ፣ በኔ ግምት ከሽፏል።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። የአጥንቱ ቀሚስ እንዴት እንደተሠራ ቢያስረዱኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው የምወደው። ቀሚሱ ከ1938ቱ የሰርከስ ስብስብ ነው፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ክሬፕ። የጎድን አጥንት፣ የጀርባ አጥንትና የእግር አጥንት ከጨርቁ ውስጥ ወጣ ብለው ይታያሉ።

አሠራሩ የድሮ ሙያ ነው። ሁለት ጨርቅ ትደርቢያለሽ። የአጥንቱን መስመር በግራና በቀኝ ትሰፊዋለሽ፤ መሐሉ እንደ ቱቦ ክፍት ይቀራል። ከዚያ በኋለኛው ጨርቅ በኩል ጥጥ እየጠቀጠቅሽ ትሞይዋለሽ። ከፊት አጥንቱ ያብጣል። ጥጡ ሲበዛ ዙሪያው ይጨማደዳል፣ ሲያንስ ደግሞ አጥንቱ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ሞክሪው። ቀለም እንዳይጨመርበት ደግሞ አደራ። ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ነው የሚያስፈራው፤ መብራቱ ሲያርፍበት ብቻ ነው አጥንቱ የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ከዳሊ ሌላ እነማን ነበሩ?

መልስ፦ ፈረንሳዊው ገጣሚና ሠዓሊ ዣን ኮክቶ በ1937 ለማታ ካፖርት ሥዕል ሰጣት፤ የሌሳዥ ቤት ጠለፈው። ሁለት ፊቶች ይተያያሉ፣ በመሐላቸው ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል። ሱሪያሊስቷ አርቲስት ሜሬት ኦፐንሃይም ጸጉራም ቆዳ የለበሰ አምባር ሠርታላታለች። «ሾኪንግ» የተባለውን የ1937 ሽቶ ጠርሙስ የነደፈችው ሠዓሊዋ ሊዮኖር ፊኒ ናት፤ ቅርጹ የተዋናይቷ ሜይ ዌስት ቁመና ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ገናና ከነበረች ለምን ተዘጋባት?

መልስ፦ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ እሷም አሜሪካ ቆየች። ስትመለስ ሴቱ ሁሉ የሌላውን የፓሪስ ልብስ ነዳፊ የዲዮርን ቀጭን ወገብና ሰፊ ጉርድ ፈልጎ ነበር። ቀልድ የሚፈልግ ጠፋ። በ1954 ዘጋች። በዚያው ዓመት ባላንጣዋ ኮኮ ሻኔል ተመልሳ ከፈተች! ሻኔል «ያቺ ልብስ የምትሠራ ጣሊያናዊት አርቲስት» እያለች ታንጓጥጣት ነበር ይባላል።

ጥያቄ፦ በ2023 የስኪያፓሬሊ ትርኢት ላይ አሜሪካዊቷ ዝነኛ ካይሊ ጄነር ያደረገችው የአንበሳ ጭንቅላት እውነተኛ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከፎም፣ ከሱፍና ከሐር የመሳሰሉት ተሠርቶ በእጅ ቀለም የተቀባ ነው። የስኪያፓሬሊ ቤት እንደገና ተከፍቶ ከ2019 ጀምሮ ዳንኤል ሮዝቤሪ ይመራዋል። እጁ ወርቅ ነው፤ በ2021 ሞዴሏ ቤላ ሃዲድ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ደረቷ ላይ ያደረገችው የወርቅ ቅብ የሳንባ ቅርጽ ጌጥ ድንቅ ነበር። አንበሳው ግን አልገባኝም። አንበሳ መጀመሪያውኑ ያስደነግጣል፤ ፈቀቅ የተደረገ ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ሁለቱ የሆላንድ ልብስ ነዳፊዎች ቪክቶር ኤንድ ሮልፍ ያሳዩት ይበልጥብኛል። የታወቀውን የልዕልት ቀሚስ ወስደው በሞዴሏ ላይ ገለበጡት፤ ጉርዱ ወደ ሰማይ፣ እግሯ ከታች። ሌላው ዘንበል ብሎ በአየር ላይ ቀረ።

ጥያቄ፦ ልብሶቹን የት ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ሎብስተሩ ፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አጥንቱ፣ የኮክቶ ካፖርትና «የተቀደደው» ቀሚስ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። ሁልጊዜ ለእይታ አይወጡምና ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። የተቀደደውን ካገኛችሁት ቶሎ አትለፉት። ቀሚሱ ላይ ያለው ቅዳጅ የታተመ ሥዕል ነው። ከራስ የሚወርደው ሻሽ ላይ ያለው ግን እውነተኛ ቅዳጅ ነው፤ ውስጡ ሮዝ ገበር አለው። ጨርቁ ድሮ ፈካ ያለ ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ነጭ ሆኗል ማለት ይቻላል።